የታጠበው ስፖንጅ

ጽዱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ኖራ ጡረታ ከወጣች ገና አምስተኛ ወሯ ነው። ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው፤ የእሷ ተራ በሆነ ቀን ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጸጉርን ማበጠር ይቻላል ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላ ያስቸገራት የሥራ ማጣት ብቻ አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ የሚጠየቅ ነገር ጠፍቶ አያውቅም። ይኼ ማሽን ምንድን ነው? ያ ሰውዬ ለምን ቢጫ ሆነ? እዚያ ብልቃጥ ውስጥ የተኛው የማን ሐሞት ነው? ስትጠይቅ ነው የኖረችው። አሁን ቤት ውስጥ አብራት ያለችው ልብስ ሰፊ ታናሽ እህቷ ናት። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በከንፈሯ መርፌ ይዛ ስለምትውል፣ የፈለጉትን ቢጠይቋት መልሷ «እምም» ነው።

ስለዚህ ጽዱ ጥያቄዎቿን አጠራቅማ የምትወስደው መንገዱን ተሻግሮ ወዳለው መድኃኒት ቤት ነበር። የደም ግፊት ክኒኗን በየወሩ የምትገዛው እዚያ ነው። ባለቤቱን ሽማግሌ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይላቸዋል። «ዶክተር አይደለሁም፣ መድኃኒት ቀማሚ ነኝ» እያሉ ሃያ ዓመት ከተከራከሩ በኋላ ደክሟቸው ትተውታል። ከባንኮኒያቸው ጀርባ አንድ አኳሪየም አለ፤ ሁለት ክንድ የሚሆን ረጅም የመስታወት ሣጥን። በውስጡ የሚኖረው አንድ ዓሣ ብቻ ነው። ዓሣው የመዳፍ ያህል ነው፤ ብርቱካንማ፣ ጅራቱ እንደ ስስ ሻሽ የሚንሳፈፍ፣ አፉን ሁልጊዜ አንድ ነገር ሊናገር እንደፈለገ ሰው የሚከፍት።

«ይተኛል?» ትላቸዋለች ጽዱ።

«ይተኛል፤ ዓይኑን ሳይከድን።»

«ያውቅዎታል?»

«ክኒን ስቆጥር ሮጦ ይመጣል። ምግብ ይመስለዋል።»

በዚያ ወር ግን ክኒኗን ልትወስድ ስትገባ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ሆኖ አገኘችው።

«ምነው ዶክተር፣ ተዘረፉ እንዴ?»

«እርጅና ነው የዘረፈኝ» አሉ ካርቶን በገመድ እያሰሩ። «ልዘጋው ነው። ልጄ ቤት ልገባ ነው። ክፍሌን አሳዩኝ፤ አልጋው ከገባ በኋላ እኔ በጎኔ ነው የምገባው።»

«ዓሣውስ?»

ሽማግሌው ገመዱን ለቀቅ አድርገው ቀና አሉ። «ይኸውልዎት፣ የገባ ሰው ሁሉ መድኃኒት ቤቱን ማን ሊይዘው ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ዓሣውን ማን ሊይዘው ነው ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። አኳሪየሙም፣ ዓሣውም፣ የቀረው ምግብም የጽዱ ሆነ። ሽማግሌው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። የልጃቸው ጎረቤት ግቢ ውስጥ የሲሚንቶ ኩሬ አለ። ዓሣውን እዚያ ሊከቱት አስበው ነበር፤ የግቢውን ድመቶች ካዩ በኋላ ነው ልባቸው ያመነታው። «አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜው ብዙ ስህተት አይችልም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ። ካልተስማማው፣ ያው፣ ወደ ኩሬው እወስደዋለሁ። ቅር እንዳይልዎት።»

«ይስማማዋል» አለች ጽዱ። በሕይወቷ አንድን ነገር በኃላፊነት ተረክባ አበላሽታ አታውቅም።

«ውኃውን አንድ ቀን በባልዲ አሳድረው ነው የሚጨምሩለት። በሳምንት አንዴ፣ ሩቡን ብቻ። ምግቡ በሁለት ጣት ጫፍ። ስፖንጁን ግን አይንኩት።»

ስፖንጁ ያለው በሣጥኑ ጥግ የማጣሪያው ጥቁር ሣጥን ውስጥ ነው። ትንሿ ፓምፕ ውኃውን በእሱ ውስጥ እየሳበች መልሳ ትተፋዋለች። ጽዱ ክዳኑን ከፍታ አየችው። የረግረግ ዳር ጭቃ ይመስላል፤ ያሙለጨልጫል፣ ቡናማ ነው፣ የመጀመሪያ መልኩ ምን እንደነበር እንኳ አይታወቅም። «አይንኩት» የሚለውን ቃል በሥራ ዘመኗ ስንቴ ሰምታዋለች! ዘበኛው ስለ ብርድ ልብሱ ይላል፤ የቀዶ ጥገናው ሐኪም ስለ ሻይ ኩባያው ይላል። ትርጉሙን ታውቀዋለች፤ ማጠብ ሰልችቶኛል ማለት ነው። ሁሉን ነገር «ለምን?» የምትለው ሴት ይህን አንዱን ሳትጠይቅ ያለፈችው፣ መልሱን የምታውቀው ስለመሰላት ነው።

ሁለት ጎረቤቶች ሣጥኑን ተሸክመው አመጡላት። ዓሣው ክዳን ባለው ባልዲ፣ በገዛ ውኃው ውስጥ ሆኖ መጣ። ቤት ውስጥ ይህን ክብደት የሚችል ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነበር።

«የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ?» አለች እህቷ፤ መርፌውን ከአፏ አወጣችው፤ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ጫፉ ላይ ብቻ።»

«እትዬ፣ ይኼ ጫፉ ከሆነ መሐሉ የታለ?»

ጽዱ እጅጌዋን ሰብስባ ሁሉንም ወደ ግቢ አወጣችው። አስተጣጠቧ እንደ ሆስፒታሉ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው። በረኪናውን በልክ በጠበጠች። መስታወቱን አሸች፤ ጠጠሩን እንደ ሩዝ አጠበች፤ ማጣሪያውን ፈታታ በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። ስፖንጁን መጨረሻ አደረገችው። ሲጨመቅ የወጣውን ነገር አይታ «አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት!» እያለች ብቻዋን ተናገረች። ጨመቀች፣ ነከረች፣ ደግማ ጨመቀች። ከዚያ የበረኪናው ጠረን እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቀለቀችው፣ ፀሐይ ላይም አሰጣችው።

«ነይ እዪ!» ብላ እህቷን ጠራች። «ሰማያዊ ነበር!»

በማግሥቱ ውኃው አድሮ ሲሞላ፣ ዓሣውም ሲገባ፣ እህቷ ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውኃ መኖሩን እያረጋገጥኩ። ምንም አይታይም እኮ።»

ጽዱን ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ቃል አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የግርምት ቀናት ነበሩ። ጽዱ ጠዋት ከእንቅልፏ ተነስታ ፊቷን ሳትታጠብ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ዓሣው ጠጠር በአፉ አንስቶ እንደ ከረሜላ አላምጦ ይተፋል፤ ለምን? እህቷ ቀይ ጨርቅ ስትዘረጋ ወደዚያ ጥግ ይሄዳል፤ አረንጓዴ ስትዘረጋ ግን ከምንም አይቆጥራትም። ጽዱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ቁርጥራጭ በየተራ መስታወቱ ላይ እየለጠፈች ትሞክረዋለች። «ሙሽራ ልብስ የምታስመርጪ መሰልሽ» አለች እህቷ።

በአራተኛው ቀን ውኃው ወተት ጠብ የተደረገበት ይመስል ነጣ። ጽዱ የምታውቀውን አደረገች። ዓሣውን ወደ ባልዲ፣ ሁሉን ነገር ወደ ግቢ፣ በረኪና በልክ፣ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። ውኃው እንደገና እንደ አየር ጠራ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን መልሶ ደፈረሰ። ያን ጊዜ ዓሣው ጠጠር ማላመጡን ተወ። ከውኃው ወለል ሥር ተንጠልጥሎ አፉን ቶሎ ቶሎ ይከፍታል፤ የሚተነፍስበት የስንጥቡ ጠርዝ ቀልቷል። ቀይ ጨርቅ ብታሳየው ዞር ብሎ አላየም። ጽዱ ይህን አፍ ከሆስፒታል ታውቀዋለች። አየር ያጠረው ሰው አፍ ነው።

«ብቸኝነት ነው» አለች እህቷ። «አሥራ አንድ ዓመት ከሰው ጋር ክኒን ሲቆጥር ኖሮ፣ አሁን ከእኔና ከአንቺ ጋር ታሰረ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሽማግሌው ሊመጡ የቀሩት ሦስት ቀናት ናቸው። ጽዱ ሌላ ሐሳብ ስላልመጣላት ጓደኛ ልትገዛለት ወጣች።

ዓሣ ሻጩ እጅጌው እስከ ክርኑ የራሰ ጎልማሳ ነው። ጠባብ ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በመስታወት ሣጥን የተሞላ ነው፤ ሁሉም ይንፎለፎላል፣ ሁሉም ያበራል።

«ጓደኛ ፈልጌ ነው» አለችው።

«ለማን፣ እማማ?»

«ለዓሣዬ። ብቸኝነት ይዞታል።»

«ውኃ ይዘው መጥተዋል?»

«ልጠጣ ነው?»

«የዓሣውን ውኃ ነው የምልዎት። ውኃውን ሳላይ ዓሣ አልሸጥም።»

ጽዱ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይኼ ሻጭ ነው ወይስ ተቆጣጣሪ?» ትል ነበር። ነገር ግን ውኃን ምን ብሎ እንደሚያየው ማወቅ ፈለገች። ቤቷ ተመልሳ በማርማላታ ብልቃጥ ቀድታ አመጣች። ሰውየው ከብልቃጡ ጥቂቱን ጣት በምታህል የመስታወት ቱቦ ቀዳና ከትንሽ ጠርሙስ ጠብታ ጨመረበት፤ ወዘወዘው፤ ጥቂት ጠበቁ። ውኃው ቀስ እያለ እንደ ሣር አረንጓዴ ሆነ።

«ምንድን ነው እሱ? ለምን ተቀየረ?»

«ቢጫ ቢሆን ደኅና ነበር። አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለበት።»

ጽዱ ተቆጣች። «አሞኒያ አላስገባሁም! አሞኒያና በረኪና አንድ ቤት እንደማይገቡ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

«እርስዎ አላስገቡም። እሱ ነው ያስገባው። ዓሣ ሽንት ቤት የለው። የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚወጣውም እዚያው ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ሲያደርግ አልኖረም? አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?»

ሰውየው ቱቦውን አስቀምጦ አያት። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ገዢ ያለ አይመስልም። «እስከ ዛሬ የሚበላለት ነበረው» አለ።

«ማን?»

«ጥቃቅን ነፍሳት። በዓይን አይታዩም። ጠጠሩ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስፖንጁ ላይ ይኖራሉ። ከዓሣው የሚወጣውን እየበሉ ወደማይጎዳው ነገር ይቀይሩለታል። ያ ቡናማው ነገር ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ሰፈር ነው። ሰው የበዛበት ሰፈር።» ከዚያ ፊቱ ጠርጠር አለ። «ስፖንጁን ነክተውታል እንዴ?»

«አጥቤዋለሁ።»

«በውኃ?»

«በበረኪና።»

«ስንት ጊዜ?»

ጽዱ ቦርሳዋን መክፈትና መዝጋት ጀመረች። «ሁለት ጊዜ።»

ዓሣ ሻጩ እርጥብ እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«ጀርም ናቸው ማለት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ደግ ጀርም በሏቸው።»

ደግ ጀርም። ደግ ሌባ እንደማለት ሆነባት። አንድ ጊዜ የላቦራቶሪው ባለሙያ ከመወልወያ ባልዲዋ ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አሳይቷት ነበር። እንደ ገበያ ቀን ይተራመሱ ነበር። «ሁሉም ክፉ ናቸው?» ስትለው ለስልክ ተጠርቶ ወጣ፤ መልሱን ሳታገኝ ቀረች። እሷም ሁሉም ክፉ ናቸው ብላ ይዛ እስከ ጡረታ ሠራች።

«እንደገና ለመብዛት ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል?»

«ከባዶ ከሆነ አምስት ስድስት ሳምንት።»

«ሰውየው ቅዳሜ ነው የሚመጡት!»

ማን እንደሚመጣ አልጠየቃትም። «ዓሣውም ስድስት ሳምንት አይጠብቅም። በየቀኑ ሩቡን ውኃ ይቀይሩለት፤ ምግብ ያቁሙ። ከዚያ ጤነኛ አኳሪየም ካለው ሰው ስፖንጅ ይለምኑ። የቆሸሸ፣ እርጥብ፣ ያልታጠበ። ሰፈሩን ከነነዋሪው ማዛወር ነው።»

«ከዚህ ሁሉ ሣጥን አንዱን አትሰጠኝም?»

«ነጭ ነጥብ የሚባል በሽታ ገብቶብኝ ሁሉም ላይ መድኃኒት ጨምሬያለሁ። ከእኔ ቢወስዱ በሽታ ነው ይዘው የሚሄዱት። የልጆች ጥርስ ሐኪሟ ጋ ይሂዱ። መጠበቂያ ክፍሏ ውስጥ ያለውን ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመቱ ነው።» ይህን ብሎ የጠብታዋን ጠርሙስ ከነቱቦዋ አስጨበጣት። «ጓደኛውን ደግሞ ቢጫ ሲሆን እሸጥልዎታለሁ።»

የጥርስ ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች አፍንጫቸውን አኳሪየሙ ላይ ደፍተው ቆመዋል። ወለሉ ገና እርጥብ ነው። ጽዱ ልማድ ሆኖባት ጥጎቹን አየች፤ ንጹሕ ናቸው። ከዚያ መወልወያውን የያዘችውን ሴት አየችና እግሯ ቆመ። ጥድፊያ ናት። ሆስፒታል ስትቀጠር ሥራ ያስተማረቻት ጽዱ ናት፤ ስሙንም ያወጣችላት ራሷ ናት፤ ወለል ስትወለውል ባቡር ያመለጣት ትመስል ነበርና። አንድ ቀን ነርሶቹ ሁሉ እያዩ ያንኑ ኮሪደር ሦስት ጊዜ አስወልውላታለች። ጥድፊያም ብዙ ሳትቆይ ሆስፒታሉን ለቀቀች።

«እትዬ ጽዱ!» አለች ጥድፊያ። «ወለሌን ሊያዩብኝ መጡ?»

«ወለልሽን አይደለም።»

«ጥርስዎን ነው? እዚህ እኮ የልጆች ነው።»

ጽዱ ዙሪያዋን ቃኘች። ልጆቹ ጆሯቸውን ጥለዋል። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ቆሻሻ ልለምንሽ ነው» አለች።

«አልሰማሁም።»

ሰምታለች። ከንፈሯ ዳር ዳሩን ይንቀጠቀጣል።

«ቆሻሻ! ከዓሣው ማጣሪያ። ትንሽ ቆሻሻ።»

«ይድገሙልኝ እትዬ፣ በሞቴ ይድገሙልኝ።» ጥድፊያ መወልወያዋን ተደግፋ ትስቅ ጀመር። «ያን ቀን ወለሉ እኮ ንጹሕ ነው፣ ምን ይታያል ስልዎት ምን አሉኝ? ‹እኛ የምናጸዳው የማይታየውን ነው› አሉኝ። ነርሶቹ ፊት! ዛሬ የማይታየውን ሊለምኑኝ መጡ?»

ጽዱ አንገቷ ድረስ ጋላት። የምትመልሰው ሞልቷት ነበር፤ ግን በሣጥኑ ውስጥ ጠጠር የሚያላምጥ ዓሣ አየች፤ እንደዚያ ያለው ቤቷ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል።

«ሳቂብኝ፤ መብትሽ ነው» አለች። «ግን ቶሎ ሳቂ። ዓሣው አየር አጥሮታል።»

ጥድፊያ ሳቋን አቆመች። ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰች፤ ሐኪሟም ጭምብሏን እንዳደረገች በበሩ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ግማሹን ቁረጭላት፤ ለእኛ ግማሹ ይበቃል» ብላ መልሳ ገባች።

«ጓንት ስጪኝ» አለች ጽዱ ማጣሪያው ሲከፈት።

«በባዶ እጅ ነው። እጅዎንም በውኃ ብቻ ይለቃለቁ፤ ሳሙና አይነካውም።»

«ሳሙና ሳልነካ?»

«እርስዎ ያስተማሩኝን ሁሉ እዚህች ሣጥን ጋ ስደርስ እረሳዋለሁ፤ ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ እኔም አምልጦኝ ላጥበው ነበር፤ ሐኪሟ እጄን ያዘችኝ።» ስፖንጁን በመቀስ ለሁለት እየቆረጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የመወልወያውን ውኃ ግን አሁንም ለየክፍሉ እቀይራለሁ።»

ጽዱ ጥጎቹን እንዳየቻቸው ልትነግራት ፈለገች። አንደበቷ ምስጋና ስላለመደ «ወለልሽ አይከፋም» ብቻ አለች። ጥድፊያ ይህን ስትሰማ እንደ ቅድሙ አልሳቀችም፤ ቡናማውን ግማሽ ስፖንጅ ከነውኃው በላስቲክ አድርጋ፣ ጭማቂውን በማርማላታው ብልቃጥ ሞልታ፣ አፉን አጥብቃ ዘጋችላት። «እንዳይደርቅ። እንዳይበርደውም። ይሩጡ።»

ላስቲኩን ሹራቧ ውስጥ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ደግፋ ሄደች። መንገድ ላይ ያገኟት ሁሉ ጫጩት የያዘች ሳይመስላቸው አልቀረም። ቤት ደርሳ ማጣሪያውን ከፈተች። ሰማያዊው ስፖንጅ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ባዶ ሆኖ ተቀምጧል። አጠገቡ ቡናማውን ሸጎጠችው። የብልቃጡ ግን ቀረ። አንስታ ከውኃው በላይ ያዘችው፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ሠላሳ ዓመት ሲያባርር የኖረውን ነገር በገዛ ፈቃዱ አፍስስ ሲሉት እጅም ይደነግጣል።

«እትዬ?» አለች እህቷ ከማሽኑ ቀና ብላ። «ደኅና ነሽ? እጄን ሳልታጠብ ሣጥኑ አጠገብ እንዳላልፍ ስትከለክይኝ ሰንብተሽ፣ ያ ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ሰፈር» አለች ጽዱና አፈሰሰችው።

ቡናማው ደመና ቀስ እያለ ወረደ። እህቷ መርፌውን ደግማ አፏ ውስጥ ከተተች።

ሐሙስ ሩቡን ውኃ ቀየረች፤ ጠብታው አረንጓዴ አለ፤ የተፈተነውን ውኃ በትንሽ ብልቃጥ አስቀመጠችው። ዓርብ ሩቡን ቀየረች፤ አረንጓዴው የሳሳ መሰላት። ዓይኗ ፈልጎት ይሁን አይሁን ስላላመነች እህቷን ጠርታ አሳየቻት። እህቷ የክር ሣጥኗን ይዛ መጣች፤ ከሐሙሱ ጋር የሚገጥም ክርና ከዓርቡ ጋር የሚገጥም ክር መርጣ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ሁለቱ ክሮች አንድ አልነበሩም። ዓሣውም ከውኃው ወለል አንድ ስንዝር ወርዷል። ግን ጠጠር አልነካም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሽማግሌው መጡ። ክዳን ያለው ባልዲ ይዘዋል። ጽዱ ባልዲውን በዓይኗ አየችና ወንበር ሳታቀርብላቸው ጀመረች።

«ዶክተር፣ አይንኩት ብለውኝ ነካሁት። በበረኪና። ሁለት ጊዜ። ሞት አፋፍ አድርሼው ነበር፤ አሁንም ገና ከአፋፉ አልራቀም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የሣር መልክ ያለውን ውኃ፣ ደግ ጀርሞችን፣ ግማሹን ስፖንጅ። ሽማግሌው ባልዲውን በእጃቸው እንደያዙ ዓሣውን ብቻ እያዩ ሰሟት። ስትጨርስ «እስቲ አሁን ያሳዩኝ» አሉ።

ቱቦውን ሞልታ ጠብታውን ጨመረች። በመስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ሦስቱም ጠበቁ።

«መነጽሬን ትቼ መጣሁ» አሉ ሽማግሌው። «ቢጫ ነው፣ አይደል?»

እህቷ ከጀርባቸው ሆና አንገቷን ነቀነቀች፤ በይ፣ በይ የሚል ንቅናቄ ነው። ወደ ቢጫ ይጠጋል፤ አንድ ቃል ነው የሚያስፈልገው። ጽዱ ቱቦውን አዟዟረችው።

«አይደለም» አለች። «ከትናንቱ ይሻላል እንጂ አረንጓዴ አለበት። ከባዶ ስላልሆነ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በየቀኑ ሩቡ መቀየር አለበት። ኩሬው ይሻለዋል ካሉ፣ እኔ... እውነቱን ነው የምነግርዎት።»

ሽማግሌው ጥጉ ላይ የተደረደሩትን ባልዲዎች አዩ። ከዚያ «በየቀኑ ያን ሁሉ ውኃ ማን ይሸከማል?» አሉ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ባልዲ ስሸከም ነው የኖርኩት።»

«ምግብ ሞክረውለታል?»

«ከረቡዕ ወዲህ ከልክዬዋለሁ።»

ሽማግሌው አንዲት የምግብ ፍሬ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ውኃው ላይ ጣል አደረጓት። ዓሣው አልተንቀሳቀሰም። ፍሬዋ ቀስ እያለች ስትወርድ ዓሣው አፉን ከፈተ፤ ዋጣት፤ ተፋት፤ እንደገና ዋጣት።

«ይሁን፣ እዚሁ ይቆይ» አሉ ሽማግሌው። ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በእጃቸው እንደያዙት የታወቃቸው አይመስልም። «እዚያ ድመቱም አለ፣ ለደካማ ዓሣ መንገዱም ከባድ ነው። ደግሞ አረንጓዴውን አረንጓዴ ነው የሚል ሰው አጠገቡ ቢሆን ይሻለዋል።»

ጽዱ ያን ጊዜ ወንበር አቀረበችላቸው። ራሷም አብራቸው ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ግን ያ ሳትጠይቅ ያለፈችው ነገር ከነከናት።

«ለምን እንደማይነካ ያውቁ ነበር እንዴ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «የዓሣው ባለቤት ሚስቴ ነበረች። ‹ስፖንጁን እንዳትነካው› ብላ ነው የሞተችው። አሥራ አንድ ዓመት አልነካሁትም። እኔ ደግሞ የመሰለኝ፣ ማጠብ ሰልችቷት ነው።»

ጽዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልትስቅ ነው ወይስ ልታለቅስ፣ ራሷም አላወቀችም። ሽማግሌው ግን ተነስተው ወደ ማጣሪያው ጎንበስ ብለው ነበር።

«እና አሁን እዚህ ውስጥ ናቸው?»

«እዚያ፣ ቡናማው ላይ። በስተቀኝ በኩል።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«እኔም ያን ዓሣ ሻጩን ልጠይቀው ነው ሰኞ። ደግሞ ሌሊት ይተኙ እንደሆነ።»

ሽማግሌው አፍንጫቸው ውኃውን እስኪነካ ድረስ ቀረቡ።

«ዶክተር፣ አይታዩም እኮ።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ማየታቸውን ግን አልተዉም። ጽዱም ከሌላው ጎን ጎንበስ አለች።

እህቷ መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች። «የሚታይ ነገር ካገኛችሁ ጥሩኝ» አለች፤ ከዚያ ማሽኗን ትታ፣ ወንበሯን እየጎተተች መጣች።